ፊልምና ሙቪ ብለው ለሚለዩ ወገኖቼ

በዴንቨርና በአውሮራ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል፣ በተለይም ትምህርት ቀመስ በሆኑትና ወጣትነታቸውን በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ተሰልፈው ባሳለፉት ዘንድ፣ እንደ ቀኖና የጸና አንድ አስተያየት አለ፤ ይኸውም በተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ ሁሉ ከሁለት ወገን በአንደኛው ይመደባል፣ «ፊልም» የተባለው አእምሮን የሚያሠራ፣ በሊቃውንት ጉባኤ የሚመረመርና በየሀገሩ የሚሸለም ሲሆን፣ «ሙቪ» የተባለው ግን ለሳቅና ለለቅሶ ብቻ የተሠራ፣ ፈንዲሻው ሲያልቅ አብሮ የሚያልቅ ነው የሚል ነው። በዚህ ሥርዓት መሠረት የፊልም ሠሪው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ከላይኛው መንበር ይቀመጣሉ፤ ከአዲስ አበባ እየተሠሩ የሚመጡት አስቂኝ የፍቅር ታሪኮች ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ይቀራሉ። እኔ ይህን ክፍፍል ሐሰት ነው እላለሁ፤ ሐሰት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩት ነበር፣ ነገር ግን የፊልም ጥበባችንን እየጎዳ ስለሆነ እከራከረዋለሁ።

አንድ የማከብራቸው አዛውንት፣ በሃቫና መንገድ ቡና ስንጠጣ፣ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጀርባ የተለጠፈውን የአማርኛ ፊልም ማስታወቂያ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ የኃይሌ ሥራ ፊልም ነው፤ ይኸ ሙቪ ነው፤ ሁለቱን በአንድ አፍ አትጥራቸው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ልዩነቱ በምን ይታወቃል?» ብላቸው፣ «ሲታይ ያስታውቃላ!» ብለው ወደ ስኒያቸው ተመለሱ። ሲታይ ያስታውቃል የሚለው ቃል ግን፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያየው በገዛ ዓይኑ ስለሆነ፣ ለክርክር መዝጊያ ይሆን እንደ ሆነ እንጂ መልስ ሊባል አይችልም። ስለዚህ ልዩነቱ ቆሞባቸዋል የሚባሉትን ምሰሶዎች አንድ በአንድ እየነካካን ብንፈትሻቸው የሚከፋው አይኖርም።

አስቀድሜ ግን የባለጋራዬን ሐሳብ ሳላቃልል ላስቀምጠው ይገባኛል። የቪዲዮ መሣሪያ ረክሶ በእያንዳንዱ ሰው እጅ ከገባ ወዲህ በአዲስ አበባ የሚሠራው ፊልም ቁጥሩ እጅግ በዝቷል፤ ከብዛቱም የተነሣ በችኮላ የተጻፈ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ታሪኩ ከባሕር ማዶ ተቀድቶ የአማርኛ ስም ብቻ የለበሰ ብዙ ነገር ወጥቷል። ይህን ያየ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት የታሰበበትንና በሠላሳ ቀን የተገጣጠመውን በአንድ ስም መጥራት ግፍ መስሎ ቢታየው አልፈርድበትም። ክፍፍሉ የተወለደው እንግዲህ ከንቀት ብቻ ሳይሆን ለጥበብ ከመቆርቆርም ነው። ስሕተቱ ያለው ከመቆርቆሩ ላይ ሳይሆን ከመለኪያው ላይ ነው።

አንዳንዶች መለኪያው ቁሱ ነው ይላሉ፤ በሴሉሎይድ ጥቅል ላይ የተቀረጸው ፊልም ነው፣ በቪዲዮ የተቀረጸው ግን የፊልም ስም አይገባውም ማለታቸው ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን ወዴት እንደምንደርስ እንይ። በ1957 ዓ.ም. የወጣው፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ልብ ወለድ ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ35 ሚሊሜትር የተሠራ ነው፤ (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1976 የወጣው የፕሮፌሰር ኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ግን፣ በአፍሪካ የፊልም ታሪክ ውስጥ ስሙ በክብር የሚጠራው ሥራ፣ በቀጭኑ በ16 ሚሊሜትር የተሠራ ነው። እንግዲህ ቁስ ማዕርግ የሚሰጥ ከሆነ «ሂሩት» ከ«ምርት» በላይ ልትቀመጥ ነው፤ ያውም «ሂሩት» ከርእሷ ጀምሮ አባት የምትፈልግ፣ ዛሬ ቢሠራ ኖሮ ያለ ማመንታት «ሙቪ» የሚባል፣ ልብ የሚያንጠለጥል የቤተሰብ ታሪክ ሆና ሳለ። አዛውንቱ ይህን እንደማይቀበሉ አውቃለሁ። በዚህም ላይ ዛሬ በታላላቆቹ አዳራሾች ሳይቀር ጥቅሉ ቀርቶ ከሞላ ጎደል ሁሉም በዲጂታል የሚታይ ስለሆነ፣ ይህ ምሰሶ ሳንነካው የወደቀ ነው።

ሌሎች ደግሞ ልዩነቱን በቦታው ያደርጉታል፤ ይህኛው የበለጠ ትኩረት የሚሻ ነው፤ ምክንያቱም በከተማችን በዓይን የሚታይ ማስረጃ አለው። ከዴንቨር መሐል ከተማ ወደ ደቡብ በብሮድዌይ ሲወርዱ ማያን የሚባለው ሲኒማ ቤት ይገኛል፤ ፊቱ በቀለማት ባጌጠ ሸክላ የተሸፈነ፣ ከአናቱም ላይ የጥንት የማያ ሕዝብ አለቃ ምስል ተቀርጾበት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ለሚያየው ሰው ቤተ ጣዖት የሚመስል ቤት ነው። ወገኖቻችን ወደዚህ ቤት ሲገቡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከንዑስ ጽሑፍ ጋር የሚታዩ የባዕድ ሀገር ሥራዎች፣ የተሸለሙና የተመሰገኑ ሥራዎች የሚታዩበት ስለሆነ፣ እዚያ የሚታየው ሁሉ «ፊልም» ነው ተብሎ ይታመናል። ነገር ግን ይህ ቤት በ1930 ሲሠራ ለሊቃውንት አልተሠራም። ፊልም ድምፅ ማውጣት ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ ሕዝቡም ከሥራ ወጥቶ በጥቂት ሳንቲም የሚዝናናበት የሠፈር ሲኒማ እንዲሆን ነው የታነጸው። በዚያው ዓመት በመሐል ከተማ የተከፈተው፣ እስከ ዛሬም ትልቁን የዉርሊትዘር ኦርጋኑን ይዞ የቆመው ፓራማውንት እንደዚሁ ነው፤ ከነሱም በፊት የከርቲስ መንገድ በሲኒማ ቤቶች መብራት ደምቆ ሲያድር፣ ያንን የሚመለከት የከተማው ጨዋ ሰው ለሥነ ምግባር መጥፋት ያዝን እንደ ሆነ እንጂ ስለ ጥበብ አያወራም ነበር። ማያን በ1980ዎቹ ሊፈርስ ሲል የከተማው ሰዎች ተሰብስበው አዳኑት፤ ከዚያም በኋላ ነው የጥበብ ፊልም መታያ የሆነው። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ሸክላውም አልተለወጠም። የተለወጠው በደጃፉ የሚሰለፈው ሰው ነው፤ ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

የቦታው ነገር በዚህ አያበቃም፤ የዴንቨር የፊልም በዓል ከ1978 ጀምሮ የሚደረግ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ ቀድሞ የቢራ መጥመቂያ የነበረው ቲቮሊ ነው፤ ዛሬ በዓሉን የሚያዘጋጀው ማኅበር በኮልፋክስ መንገድ ሲ ፊልም ሴንተር የተባለ የራሱ ቤት አለው። ይኸው ኮልፋክስ ወደ ምሥራቅ ሲዘልቅ አውሮራ ይገባና፣ በ1946 ከጦርነት በተረፈ ክብ ጣሪያ ባለው የወታደር መጋዘን የተሠራው ፎክስ ይገኛል፤ አሁን የቴአትር ቤት ነው፤ በዙሪያውም የኛ ሰዎች ይሠራሉ፣ ይነግዳሉ። አንድ መንገድ ነው፤ የአውቶቡሱም ቁጥር አንድ ነው፤ ነገር ግን በወገኖቻችን አእምሮ ከዚህኛው ጫፍ የሚታየው «ፊልም»፣ ከዚያኛው ጫፍ አዳራሽ ተከራይተን የምናየው «ሙቪ» ነው።

እዚህ ላይ ከጉዳዬ ትንሽ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኮሎራዶ ከኖሩት የፊልም ሰዎች ሁሉ «ፊልም» የሚለው ስም በጥብቅ ትርጓሜው የሚገባው ሰው ቢፈለግ ስታን ብራኬጅ ነው፤ በ1963 ያለ ካሜራ፣ የእሳት ራት ክንፎችንና ቅጠላ ቅጠልን በሁለት ግልጽ ማጣበቂያ መካከል አጣብቆ «ሞዝላይት» የተባለውን ሥራ የሠራ፣ ብዙ ሥራዎቹንም ያለ አንዳች ድምፅ ለዕይታ ያቀረበ፣ ሙቪ አየሁ ብሎ ማንም የማይናገርለት መናኝ ነበር። ይህ ሰው በቦልደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምር በነበረ ጊዜ፣ ኋላ በሳቅ ሥራቸው ዓለም ያወቃቸው ሁለት ተማሪዎች፣ ትሬይ ፓርከርና ማት ስቶን፣ በ1993 ስለ አንድ የኮሎራዶ ሰው በላ ወርቅ ፈላጊ «ካኒባል! ዘ ሙዚካል» የሚል የዘፈን ቀልድ ሲሠሩ፣ መምህር ብራኬጅ ራሱ በዚያ ቀልድ ውስጥ የአንዱን ወጣት አባት ሆኖ ተጫውቷል። ሊቁ ያላፈረበትን እኛ እናፍርበታለን።

ሦስተኛው ምሰሶ ገንዘብ ነው። ሙቪ ለንግድ ይሠራል፣ ፊልም ግን ለእውነት ይሠራል ይባላል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከራሳቸው ከፕሮፌሰር ኃይሌ ሕይወት የተገኘ ነው። ስለ ባሪያ ንግድ የሚናገረው «ሳንኮፋ» በ1993 ተሠርቶ ባለቀ ጊዜ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስደውም አሉ፤ እሳቸውም ከባለቤታቸውና ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ የየሠፈሩን ማኅበር እያስተባበሩ፣ በራሳቸው እጅ ለሕዝብ አሳዩት። ዛሬ በአውሮራ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ማስታወቂያ በየምግብ ቤቱ ለጥፎ፣ ትኬት በስልክ እየሸጠ፣ የሰው ብዛት ኪራዩን ይሸፍን አይሸፍን እንደ ሆነ እስከ መጨረሻው ሰዓት የሚጨነቀው ወጣት ከዚህ የተለየ ምን አደረገ? አንዱን ተጋድሎ፣ ሌላውን ንግድ የምንለው በምን ሕግ ነው? «ሳንኮፋ»ም ቢሆን በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ሲወጣ፣ ከቀልዱና ከፍቅር ታሪኩ ጋር በአንድ ረድፍ ተደርድሮ ነው የወጣው፤ ክብሩም በዚህ አንዳች አልጎደለበትም።

እነዚህ ሁሉ ከወደቁ ዘንድ ክፍፍሉ በእውነት የቆመበት ምሰሶ አንድ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ እሱም ተመልካቹ ነው። እናቶችና ታክሲ ነጂዎች፣ የፓርኪንግ ሠራተኞችና በአውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ የሚያወርዱ ልጆች ወደውት የሚስቁበትና የሚያለቅሱበት ሁሉ ሙቪ ይባላል፤ እነሱ ሳይመጡበት የቀረው ደግሞ ፊልም ይሆናል። ስለ ሥራው የተነገረ የሚመስለው ፍርድ ስለ ሰዎቹ የተነገረ ፍርድ ነው። በአዲስ አበባ ሲኒማ በተጀመረ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው ሁላችን እናውቃለን፤ ያን ጊዜ የተወገዘው ሥዕሉ ነበር፤ ሊቃውንቶቻችን ሥዕሉን ከውግዘት ፈትተው ውግዘቱን ወደ ተመልካቹ አዛወሩት።

ይህ የፊልምና የሙቪ ክፍፍል ከውጭ የተወረሰ ነው ብዬ ብናገር ማጋነን አይሆንብኝም፤ ያወረሱን ሰዎች ራሳቸው ከተዉት ግን ቆይቷል። በ1951 በፓሪስ የተመሠረተው «ካዬ ዱ ሲኔማ» የተባለው መጽሔት ወጣት ጸሐፊዎች፣ አሜሪካውያን ራሳቸው ተራ መዝናኛ የሚሏቸውን የአልፍሬድ ሂችኮክን ሥራዎች አንድ በአንድ መርምረው የደራሲነት ማዕርግ ሰጥተውታል፤ ከነሱ አንዱ ፍራንሷ ትሩፎ ከሂችኮክ ጋር ያደረገውን ረጅም ጭውውት በ1966 በመጽሐፍ ሲያወጣ ክርክሩ በዚያ ወገን አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። እኛ ዘንድ ግን አሮጌው ልብስ ገና እንደ አዲስ ይለበሳል።

ከውጭው ይልቅ ግን የራሳችን ትውፊት ይበልጥ ይፈርድብናል። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያናችን ለምእመናን ሲነበብ ኖሯል። በውስጡ ያለው ታሪክ ምን ዓይነት ነው? ቤተ ሰቡን ጭምር ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ፣ በመንገድ ላገኘው በቁስል ለተመታ ምስኪን ስለ ማርያም ስም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ፣ ነፍሱ በሚዛን ስትቀመጥ ያ ጥርኝ ውሃ ያን ሁሉ ደም አሸንፎ የዳነበት ታሪክ አይደለም? ደም አለበት፣ ልብ ያንጠለጥላል፣ በመጨረሻው ሰዓት ይፈታል፣ እንባ ያስፈስሳል፤ የዛሬ ሊቃውንቶቻችን ለሙቪ የሚሰጡት ምልክት ሁሉ ተሟልቶ ይገኝበታል። ሆኖም መምህራኑ ይህ ለባልቴቶች ነው፣ እኛ ሌላ ንባብ አለን አላሉም፤ ደብተራውና ሞግዚቷ ጎን ለጎን ቆመው አንዱን ታሪክ ሰምተዋል፤ የሊቁ ሥራ ከሕዝቡ ታሪክ ሸሽቶ ሌላ ታሪክ መፈለግ ሳይሆን በዚያው ታሪክ ላይ ትርጓሜ መስጠት ነበረ።

ባለጋራዬ እዚህ ላይ ቅኔን እንደሚያነሣብኝ አውቃለሁ። ቅኔ ለተማረ እንጂ ለሁሉ አይደለም፣ እንግዲህ መለየት በባህላችን አለ ሊለኝ ነው። አዎን፣ አለ። ነገር ግን ቅኔ ቤት የገባ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ተማሪው ያቀረበው ነገር ቅኔ ስለ ተባለ ብቻ አይመሰገንም፤ ቤት ያልመታ፣ ምሥጢሩ የላላ እንደ ሆነ መምህሩ ከጉባኤው ፊት ያፈርሰዋል፣ ተማሪውም አፍሮ ተመልሶ ይቆጥራል። የኛ «ፊልም» ግን እንዲህ ያለ መምህር የለውም። አንድ ሥራ ፊልም ነው ከተባለ፣ ቢያንቀላፉበትም፣ ምነው ባለቀ ቢሉም፣ ያልገባኝ እኔ ብሆን ነው ተብሎ በአክብሮት ይታለፋል፤ ሙቪ ነው የተባለውም፣ ድምፁ ቢቆራረጥ፣ ታሪኩ ቢንኮታኮት፣ ምን ታደርገዋለህ፣ ሙቪ ነው ተብሎ በንቀት ይታለፋል። አክብሮቱና ንቀቱ በውጤት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሂስን ይገድላሉ። እኔ በዚህ ክርክር ለአማርኛ ፊልም ምሕረት እየለመንኩ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል፤ የምለምነው ከፍ ያለ ፍርድ ነው።

ፍርዱም ከተናቁት ዘንድ እንደሚገኝ በዓይኔ አይቻለሁ። በአውሮራ በኪራይ በተያዘ አዳራሽ፣ በደጁ ሳምቡሳ በትሪ በሚሸጥበት፣ ልጆች በወንበሮቹ መካከል በሚሯሯጡበት አንድ ምሽት፣ የታሪኩ ባለቤት የሆነችው ወጣት ለከዳት ወዳጇ ደብዳቤ እየጻፈች ስታለቅስ፣ ሙዚቃውም ከልቅሶዋ በላይ ሲያለቅስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ለጎረቤታቸው፣ «ይቺ ልጅ ሥራ የላትም እንዴ? የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልላታል?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ከዚያች ቃል የበለጠ የጠለቀ ሂስ በዚያ ፊልም ላይ ሊጻፍ እንደማይችል ተረዳሁ፤ በሰፋፊ ሳሎኖች ውስጥ የሚኖሩ፣ ምን ሠርተው እንደሚበሉ የማይታወቅ ሰዎች የሞሉበትን የብዙ የአማርኛ ፊልሞቻችንን ደካማ ጎን በአንድ ጥያቄ ነው ያወጡት። በሰንዳንስ የፊልም በዓል በ2014 የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ከዓለም ሲኒማ ወገን የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው በተመልካች ድምፅ ነው እንጂ በዳኞች ጉባኤ አልነበረም፤ ፊልሙም ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች ልጅ በፍርድ ቤት የምትቆምበት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ነው። ሙቪ ነው ወይስ ፊልም? ጥያቄው ራሱ ከንቱ ሆኖ ይታያል።

አሁን እኔ ራሴ የምለምነውን ፍርድ በሁለት ሥራዎች ላይ ልሞክረው፤ ሁለቱም ስለ ደርግ ዘመን ይናገራሉ። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀይ ስህተት» በ2006 ወጣ፤ የፕሮፌሰር ኃይሌ «ጤዛ» በ2008 ወጥቶ በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በሚቀጥለውም ዓመት በዋጋዱጉ የፊልም በዓል የወርቅ ፈረስ የተባለውን ሽልማት አገኘ። የመጀመሪያውን ሙቪ፣ ሁለተኛውን ፊልም ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ስለ ቀይ ሽብር በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ተሰልፎ ለገባው፣ ልጁን ወይም ወንድሙን ላጣው ሕዝብ ቀድሞ የተናገረው «ቀይ ስህተት» ነው፤ ይህ ክብሩ ነው። ጉድለቱ ደግሞ የዘመኑን መከራ በግለሰቦች ክፋትና ደግነት ብቻ ለማስረዳት መሞከሩ፣ ማዘን ባለብን ቦታ ሁሉ ሙዚቃው ቀድሞ ማዘኑ ነው። «ጤዛ» በበኩሉ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተበታትኖ ወደ እናቱ ቤት የሚመለሰውን ዶክተር አንበርብርን በጣና ዳር ሲያሳየን፣ ለውትድርና እንዳይታፈሱ በዋሻ የተደበቁትንም ልጆች ሲያሳየን፣ በኢትዮጵያ ፊልም ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ያሳያል፤ ወደ ጀርመን ሲወስደን ግን፣ ተማሪዎቹ ሲከራከሩ ሰው መሆናቸው ቀርቶ የየድርጅታቸው በራሪ ወረቀት ሆነው ይናገራሉ፤ ያን ክፍል ሳይ በአውሮራ አዳራሽ የሰማኋቸው እናት አጠገቤ ቢኖሩ ብዬ ተመኝቻለሁ፤ እሳቸው ቢሆኑ፣ «እነዚህ ልጆች ምሳ አይበሉም እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም ነበር፤ ፕሮፌሰር ኃይሌም ይህን ጥያቄ ሰምተው የሚቆጡ አይመስለኝም።